ቀስቱ ገደል አያውቅም፦ ለእህቴ ልጅ የተጻፈ ምክር

የእህቴ ልጅ፣ በሲያትል መናፈሻዎችና በመብራት እንጨት ሥር የተደበቁት ሣጥኖች እንደሰለቹህ ሰምቻለሁ። አሁን ያማረህ ተራራ ጫፍ ላይ ያለው፣ ዋሻ ተሻግሮ ያለው፣ ከዚያም ካንሳስና ብራዚል ውስጥ ያለው ነው። እናትህ «ምከረው» ያለችኝ እንዳስቆምህ ብላ ነው። እኔ ግን ላስቆምህ አልጽፍም። ተራራ ከወደደ ወጣት ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ ጨዋታውም ክፉ አይደለም። እሷም እንድትረዳው በአጭሩ ልንገራት፦ አንድ ሰው ውሃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ መዝገብ አድርጎ ይደብቅና ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም ቦታውን የሚያመለክተውን ቁጥር፣ ያሳውቃል። ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፣ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ጂኦካሺንግ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ ከአንድ ነገር የሚመነጭ ነው። ኮኦርዲኔት ሣጥኑ የት እንዳለ ይነግርሃል፤ በየት በኩል እንደሚደረስበትና እንዴት እንደሚመለሱ ግን አይነግርህም። ሰው የሚጎዳው በዚህ ባልተነገረው ውስጥ ነው። ጉዞው የሚጣፍጠውም እዚያው ነው።

1. መሣሪያህ የሚችለውንና የማይችለውን እወቅ።

እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስህተቱም እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ ቀረ። ወዲያው ሜይ 3 ቀን ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደበቀ፤ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌር፣ ወንጭፍና የታሸገ ባቄላ ጨምሮበት ኮኦርዲኔቱን ለሌሎች አሳወቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። በሴፕቴምበር ጄረሚ አይሪሽ የጨዋታውን ድረ ገጽ ሲከፍት የሚታወቁት ሣጥኖች 75 ብቻ ነበሩ። የዚያ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬ እዚሁ ከተማችን፣ ፍሪሞንት ሰፈር ነው።

ጨዋታው የተወለደው ስህተቱ ስለቀነሰ ነው እንጂ ስለጠፋ አይደለም። ስልክህ ያለህበትን ቦታ ለማስላት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት መቀበል አለበት። ሜዳ ላይ በጥቂት ሜትር ብቻ ይሳሳታል። ገደል ሥርና ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ምልክቱ ይጋረዳል፣ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ይመጣል፣ ስህተቱም ይሰፋል። «5 ሜትር ቀረህ» ሲልህ ያ 5 ሜትር ከገደሉ ጫፍ ወዲህ ይሁን ወዲያ አያውቅም። ስለዚህ ተቃረብክ ሲልህ ስልኩን ኪስህ ክተተውና በዓይንህ ፈልግ። በስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚራመድ ሰው አይተህ ታውቃለህ፤ ያ ተራራ ላይ አይሠራም።

2. ሁለቱን ቁጥሮች አታደባልቅ።

እያንዳንዱ ሣጥን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የአፈላለጉን፣ ሌላው የመንገዱን ክብደት ይለካል። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 በግማሽ በግማሽ ስለሚወጡ 81 ጥምረት ይገኛል፤ ሰማንያ አንዱንም ለማሟላት የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው። አንተም ከእነሱ አንዱ እንደሆንክ አውቃለሁ።

መንገዱ 5 የተባለ ሣጥን የግድ ሩቅ ነው ማለት አይደለም። ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል ማለት ነው፦ ገመድ፣ ጀልባ ወይም የጠላቂ ልብስ። መሣሪያውን ለመግዛት የክሬዲት ካርድ ይበቃል፤ ለመጠቀም ግን ትምህርት ይጠይቃል። ገመድ ላይ መንጠልጠልን ከቪዲዮ ተምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ገደል ላይ የሚሞክር ሰው ሣጥኑን ሳይሆን መከራውን እየፈለገ ነው። አስተማሪ ይዘህ፣ ዝቅ ባለ ቦታ፣ ደጋግመህ ተለማመድ።

ቁጥሩን የሰጠው የደበቀው ሰው መሆኑንም አትርሳ። እሱ በኦገስት ደረቅ መንገድ ሄዶ 3 ብሎት ይሆናል፤ አንተ በማርች በረዶ ሲሸፍነው ብትሄድ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በቅርብ የሄዱት የጻፉትን አንብብ። የመጨረሻው ሰው መቼ ሄደ? በምን ወቅት? ምን ያህል ጊዜ ፈጀበት?

3. ቀስቱ ገደል አያውቅም።

ስልክህ «1 ኪሎ ሜትር» የሚልህ ቀጥታ በአየር ላይ የተለካውን ነው። በመካከል ወንዝ ይኑር፣ ግድግዳ የመሰለ ተረተር ይኑር፣ አቅጣጫ የሚያሳየው የስልክህ ቀስት ዝም ብሎ ወደ ሣጥኑ ይጠቁማል። ከጠመዝማዛው መንገድ ወጥተው ቀስቱን ሲከተሉ አንድ ሰዓት የሚያስቆጥብ አቋራጭ ያገኙ የሚመስላቸው ሰዎች ናቸው፣ መሸት ሲል ወደ ላይ መመለስ ወይም ወደ ታች መውረድ የማይችሉበት እርከን ላይ የሚገኙት።

በአቅራቢያችን ጥሩ ማስተማሪያ አለ። ኖርዝ ቤንድ አጠገብ ሜይልቦክስ ፒክ የሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ እውነተኛ የፖስታ ሣጥን ተተክሎ፣ የወጣ ሁሉ የፈለገውን ትቶበት ይወርዳል። ወደዚያ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አሮጌው በ4 ኪሎ ሜትር ብቻ ወደ 1,200 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣል፤ ሥሩና ጭቃው እግር ይዞ የሚያስቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው አዲሱ ወደዚያው ጫፍ በ7.5 ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዘ ያደርሳል። በስልክህ ቀስት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለጉልበትህ ግን በጭራሽ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጣ ካርታ ዘርግተህ መንገዱን ራስህ ሥራው። የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩህ እዚያ ጋ አቀበቱ ገደል ቢጤ ነው። ከዋናው መንገድ የምትወጣበትን ቦታ አስቀድመህ ምረጥ፣ ለሣጥኑም በጣም የቀረበው ይሁን። ካርታውን ስልክህ ላይ ጫነው፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ እንደማይኖር ቁጠር። ወረቀቱንም ያዝ፤ ወረቀት ባትሪው አያልቅም።

4. «ደጋ ነው የተወለድኩት» አትበል።

ይህን ከሐበሻ አፍ ሳልሰማ የቀረሁበት ሃይኪንግ የለም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ መወለድህ እውነት ነው፤ ግን ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያ እስከኖረ ድረስ ነው። ሲያትል ባሕር ዳርቻ ናት። ዓመታት እዚህ ከኖርክ በኋላ ከ2,500 ሜትር በላይ ስትወጣ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ እንደማንም ፈረንጅ ሊይዝህ ይችላል። ምልክቱ ከታየብህ አትቀጥል፤ ከባሰብህ ውረድ። ሌላ መድኃኒት አታምጣብኝ።

ደግሞም የአካባቢያችን የካስኬድ ተራሮች ሰው የሚጎዱት በአብዛኛው በከፍታ አይደለም፤ በዝናብና በብርድ ነው። ብርድ ሰውን ለመግደል በረዶ እስኪሆን አይጠብቅም። ከዜሮ በላይ ባለ ቅዝቃዜም ልብስህ ከረጠበና ነፋስ ካገኘህ ሰውነትህ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል። ባልንጀራህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ቃላት ሲያንተባትብና እግሩ ሲደናቀፍ ካየህ ሣጥኑን ርሳው፤ ደረቅ ልብስ አልብሰው፣ ከነፋስ አስጠልለው፣ አብላው።

በደረጃ ውጣ። መጀመሪያ ማውንት ሳይ የተባለውን ተራራ፤ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱን ወጥተህ በማግሥቱ ሥራ መግባት ከቻልክ ወደ ሜይልቦክስ ፒክ አዲሱ መንገድ እለፍ። አሮጌውን ለመጨረሻ አቆየው።

5. ስንቅህን አሟላ።

ሲያትል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተ ዘ ማውንቴኒርስ የሚባል የተራራ መውጣት ማኅበር አለ። «አሥሩ አስፈላጊዎች» የሚባለውን ዝርዝር በዓለም ያሰራጨው እሱ ነው። በቃልህ ያዘው፦ ካርታና ኮምፓስ፣ የራስ ባትሪ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ቢላ፣ እሳት ማያያዣ፣ መጠለያ፣ ተጨማሪ ምግብ፣ ተጨማሪ ውሃ፣ ተጨማሪ ልብስ። ከዚህ ውስጥ ሰው የሚንቀው የራስ ባትሪውን ነው፤ «ከመምሸቱ በፊት እመለሳለሁ» ይላል። ሣጥን ፍለጋ ደግሞ ሰዓት ይበላል፤ ተራራውን በሰዓቱ ወጥተህ ድንጋይ ስትገለብጥ ይመሽብሃል።

ጋቢህን ቤት ተወው። ጥጥ ነው፤ ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም፣ ለመድረቅም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ልበስ። ጂንስ ሱሪም ያው ጥጥ ነው፤ አትከራከረኝ። ምግብን በተመለከተ ግን ከሱቅ የምትገዛቸው ውድ ብስኩቶች ከእናትህ ስንቅ አይበልጡም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ አይበላሹም፣ አይከብዱም፣ ጉልበት ይሰጣሉ። በሶው ግን ውሃ ይፈልጋልና ውሃህን በዚያ ልክ አስላ።

ስልክህን በብርድ ጊዜ ወደ ደረትህ አስጠግተህ ያዘው፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። በረራ ላይ እንደምታደርገው ኔትወርኩን ዝጋው፤ ጂፒኤሱ መሥራቱን አያቆምም።

6. የመመለሻ ሰዓትህን ከቤት ቁረጥ።

«ሣጥኑን ሳገኝ እመለሳለሁ» የሚለው ዕቅድ አይደለም። «ስምንት ሰዓት ሲሆን የትም ብደርስ እመለሳለሁ» በል። ሰዓቱን ተራራው ላይ ሆነህ አትወስን፤ 200 ሜትር የቀረው ሰው ዳኝነቱ አይታመንም።

የት እንደምትሄድ፣ በየትኛው መንገድ፣ መኪናህን የት እንደምታቆምና በስንት ሰዓት ካልደወልክ 911 መደወል እንዳለበት ለአንድ ሰው ጽፈህ ተው። ያ ሰው እናትህ ካልሆነች ለእሷም ንገራት፤ ደብቀሃት ሄደህ አንድ ነገር ቢሆን ከሌላ ሰው መስማት የለባትም። ብቻህን አትሂድ። አካሄዳችሁም በደካማው ልክ ይሁን።

አንድ የሐበሻ ፍርሃት ላንሣ። የክፍያ ሂሳብ ይመጣብኛል ብሎ እርዳታ ከመጥራት የሚዘገይ ሰው አለ። በዋሽንግተን ግዛት ተራሮች ላይ የጠፋ ሰው የሚፈልጉት በሸሪፍ ቢሮ ሥር የሚሠሩ፣ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ፈልገው ስላገኙህ ገንዘብ አይጠይቁህም። ቁርጭምጭሚትህ ከተሰበረ በብርሃን ደውል። ጨለማ ከዋጠህ በኋላ መደወል ለአንተም ለእነሱም አደጋውን ያበዛዋል።

7. ወደ ዋሻ ከመግባትህ በፊት ሰማዩን እይ።

የምትመኘው የዋሻ ጉዞ መልካም ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» የተባለው ፊልም ሲወጣ ለማስተዋወቂያ ከተደበቁት ሣጥኖች አንዱ ስኖኳልሚ ፓስ አጠገብ አለ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ 3.7 ኪሎ ሜትር በሚረዝም አሮጌ የባቡር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ሣጥኑ በ2011 ጠፍቶ ነበር፤ ኋላ ተመልሶ ተተክቷል። ዋሻው በዊንተር ይዘጋል፣ በሰመርም ቢሆን ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ሁለት መብራትና ጃኬት ከያዝክ ግን ለሰው ተብሎ የተጠበቀ መንገድ ነው።

የማስጠነቅቅህ ስለ ሌላው ዓይነት ነው፤ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ፕራግ ከተማ ውስጥ አራት ሰዎች ለዚሁ ጨዋታ ከመሬት በታች የሚያልፍ የወንዝ ቦይ ውስጥ ገብተው ሳለ ከላይ ዶፍ ወረደ። ውሃው ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ ሁለቱ ሞቱ። ቦይ ውስጥ ያለ ሰው ዝናቡን አያየውም፤ የሚደርሰው ውሃው ራሱ ነው፣ ያኔም መሮጫ የለም። ሕጉ አጭር ነው፦ ከላይ ደመና ካለ፣ ወይም ራቅ ብሎም ቢሆን ዝናብ ከተተነበየ፣ አትግባ። መግባት የተከለከለ ከሆነ ሰማዩ ጥርት ቢልም አትግባ።

8. ሰው እንደሚያይህ አውቀህ ተንቀሳቀስ።

እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ካፌ ደጅ ሣጥን ሲያስቀምጥ ታይቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የቦምብ አምካኝ ቡድን መጥቶ ሣጥኑን አፈነዳው። ድብቅ ነገር የሚፈልግ ሰው ለማያውቀው ሰው አጠራጣሪ ነው። አንተ ደግሞ ጥቁር ወጣት ነህ። ገጠር ከተማ ውስጥ ድልድይ ሥር አጎንብሰህ ስትታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ጨዋታ አይደለም፤ ፍትሐዊ ባይሆንም የምትኖርበት አገር እውነት ነው። በቀን ሂድ። ለጠየቀህ ሰው ሳትሸሽ፣ ሳትቆጣ፣ ስልክህን አሳይተህ አስረዳ። ፖሊስ ከመጣ እጅህ ይታይ፤ ወደ ቦርሳህ ከመስደድህ በፊት ተናገር። የግል መሬት የሚል ምልክት ካየህ ቀስቱ ቢጮህም ተመለስ፤ ሣጥኑ ሌላ ቀንም አለ።

በብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ሣጥን መደበቅ ክልክል መሆኑንም እወቅ። እዚያ የሚበዙት ሣጥን የሌላቸው ናቸው፤ አለቱን ወይም ፏፏቴውን መርምረህ ለጥያቄ መልስ የምትልክባቸው። እነሱን አትናቅ፤ ስለ መሬቱ ያስተምሩሃል። የመኪና ማቆሚያ ፈቃዱም ይለያያል፤ የክልሉ መሬት አንድ፣ የፌዴራሉ ደን ሌላ ይጠይቃል። ቅጣቱ ከፈቃዱ ዋጋ ይበልጣል።

9. ረጅሙን ጉዞ በገንዘብህና በእንቅልፍህ ልክ ቁረጠው።

ርቀት የሚያስጉዙ ምክንያቶች አያልቁም። ካንሳስ ውስጥ ሚንጎ የተባለው ሣጥን ከሜይ 2000 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም ከሚሠሩት ሁሉ አንጋፋው ነው። ከሜይ 2000 ወዲህ በእያንዳንዱ ወር ከተደበቁት ቢያንስ አንድ አንድ ለማግኘት የሚዞሩ አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሣጥኖች ጥቂት ስለሆኑ አገር ያቋርጡላቸዋል። ከፊልሙ ሣጥኖች ከስኖኳልሚው ሌላ የቀረው ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ነው። በኔቫዳ መንገድ 375 ላይ ደግሞ ከሺህ በላይ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በሁለት ሣጥኖች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይኑር የሚለውን ደንብ ተጠቅመው ያንን በረሃ እንደ መቁጠሪያ ሰክተውታል።

ዕድሜዬን በታክሲ መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ስለ መንዳቱ ስማኝ። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ተራራ የሚወጣ ሰው አደጋው ተራራው ላይ ብቻ አይደለም፤ ሲመለስ መሪው ላይ ነው። ከተራራ ወርደህ ወዲያው አራት ሰዓት አትንዳ። እዚያው እደር። ለመኝታው ብር ከሌለህ ለጉዞውም የለህም ማለት ነው።

በክሬዲት ካርድ ብራዚል መሄድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለአያትህ የምትልከው ብር አይነካ። የዓመት ፈቃድህን ሁሉ በሣጥን አትጨርሰው፤ ለሠርግና ለሐዘንም ፈቃድ ያስፈልጋል። በቅርብ ካለው ጀምር፦ የፍሪሞንቱን ዋና መሥሪያ ቤት፣ የስኖኳልሚውን ሣጥን፣ ከፖርትላንድ ደቡብ ምሥራቅ የመጀመሪያው ባልዲ የነበረበት ቦታ ላይ የተተከለውን ሰሌዳ። ሦስቱን ለማየት የዓለም ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ ለአንተ የሰንበት ጉዞ ናቸው።

10. መዝገቡ ላይ እውነቱን ጻፍ።

ያልፈረምከውን አገኘሁ አትበል። ከሥሩ ሆነህ ያየኸውን፣ ጓደኛህ ወጥቶ የፈረመልህን የአንተ አታድርገው። ስድስት ሰዓት ተጉዘህ ካጣኸው «አላገኘሁም» ብለህ ጻፍ፤ ያ ቃል ለባለቤቱ ሣጥኑን እንዲያይ ይነግረዋል፣ ለሚቀጥለው ተጓዥም ባዶ ድካም ያስቀርለታል። አጣሁት ብለህ በኪስህ የያዝከውን ሌላ ዕቃ ተክተህ አትሂድ፤ ሣጥኑ የባለቤቱ ነው።

ከውስጡ ዕቃ ከወሰድክ እኩል ወይም የሚበልጥ ተካ። ምግብ አትተው፤ ድብ ይጠራል። ከአገር አገር የሚዞሩትን ባለ ቁጥር ዕቃዎች ካነሣህ ቶሎ ወደ ሌላ ሣጥን አድርሳቸው፤ ማስታወሻ ብለህ መሳቢያ ውስጥ አታስቀራቸው።

11. ጫፍ እንደሌለው ካሁኑ ተቀበል።

ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ አንድ ሣጥን አስመዝግቧል። ከዚያ በፊት በ2002 አትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ፣ 2,300 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሌላ አኑሯል። በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሲቪራንስም ለዚህ ጨዋታ የሚያገለግል መለያ ቁጥር ይዛ ሄዳለች። ስለዚህ በሩቅነት ማንንም አታሸንፍም፤ ውድድሩ ከመጀመርህ በፊት አልቋል። ይህ ሊያሳዝንህ አይገባም። ከማንም ጋር ካልተወዳደርክ 200 ሜትር ሲቀርህ መመለስ አያሳፍርህም፤ ተራራ ላይ ረጅም ዕድሜ ያላቸውም እንደዚያ መመለስ የሚችሉት ናቸው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ወር ሜይልቦክስ ፒክ እንደምትወጣ ሰምቻለሁ። ከመውጣትህ በፊት የምትሄድበትን መንገድ፣ የምታርፍበትን ቦታ፣ የመመለሻ ሰዓትህንና አብሮህ የሚሄደውን ሰው ስም በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረህ ላክልኝ። ኮኦርዲኔቱን አልፈልገውም፤ እሱን ማንም ያገኘዋል። ወረቀቱን አይቼ ከወደድኩት ለእናትህ የማስረዳው እኔ ነኝ።